መሪው ሲወድቅ ማን ቆመ?

(ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ይህን የምሽት የትራፊክ ጭንቅንቅ አልፋችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ግቡ፣ አትፈሩ።

ዛሬ የማወራው በጦር ሜዳ ስለወደቁ መሪዎች ነው። ለዚህ ወሬ ከዚህ ሰፈር የተሻለ ቦታ የለም። ከአዳራሹ ወጥታችሁ ትንሽ ከተራመዳችሁ ምኒልክ አደባባይ ናችሁ። ያ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ላይ ተመረቀ። ጣሊያን ከተማውን ሲይዝ ነቅሎ አነሳው፤ ነጻነት ሲመለስ ሐውልቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ወረድ ካላችሁ ራስ መኮንን ድልድይ አለ። በዚያኛው በኩል አቡነ ጴጥሮስ። ሲያመን የምንሄደው ራስ ደስታ ሆስፒታል ነው፤ ካልሆነም ባልቻ። ወያላው ስማቸውን ከማለዳ እስከ ማታ ሲጠራ ይውላል። ሁላችንም የምንኖረው በነዚህ ሰዎች ስም መካከል ነው።

አንድ ነገር ግን ሁሌ ይከነክነኛል። ስለ ጀግና መሪ ስናወራ ታሪኩን የምንጨርሰው ሰውየው የወደቁ ጊዜ ነው። ተኮሱ፣ ተመቱ፣ ወደቁ፣ በቃ። ከዚያ ወደ ሽለላው እንሄዳለን። ከወደቁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ምን እንደሆነ አንጠይቅም። ወታደሩ ምን አደረገ? ቦታውን ማን ያዘ? ወይስ ሁሉም ተበተነ? እኔ የአንድን የጦር መሪ መስዋዕትነት በደንብ የምንረዳው ያችን ሰዓት ስናያት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዛሬ ጥቂት ሜዳዎችን እየዞርን ያችን ሰዓት እንፈልጋት።

ከመተማ እንጀምር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። አጼ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች፣ እኛ ደርቡሽ ከምንላቸው ሱዳኖች፣ ጋር ሊዋጉ ሱዳን ድንበር ደርሰዋል። ያኛው ወገን በእሾህ አጥር ዙሪያውን አጥሮ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ ገባ። ድሉ እጅ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሡ ግን ከኋላ ሆነው የሚያዩ ሰው አልነበሩም። ውጊያው መሃል ገቡ። መጀመሪያ እጃቸውን ተመቱ። ቆስለውም አልተመለሱም። ቀጥሎ የመጣችው ጥይት ግን ለሞት የምታበቃ ሆነች። ወደ ድንኳናቸው ወሰዷቸው። ከማለፋቸው በፊት ራስ መንገሻን ልጄና ወራሼ ነው ብለው ተናዘዙ።

አሁን ያችን ሰዓት ተመልከቱ። ወሬው በጦሩ ውስጥ ሲሰማ፣ እያሸነፈ የነበረው ጦር ፊቱን አዞረ። ማንም አላባረረውም። መሐዲስቶቹ ራሳቸው የተሸነፉ መስሏቸው ነበር። ሲነጋ ሰፈሩ ባዶ ሆኖ ሲያዩ ነው ነገሩ የገባቸው። ከዚያ ተከተሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ አትባራ ወንዝ አካባቢ የንጉሡን አስከሬን የያዘውን ቡድን ደረሱበት።

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸው ራስ አርአያ ድምጹ ይባላል። የንጉሡ አጎት ናቸው። ያ ሁሉ ጦር ሲበተን እሳቸው ከአስከሬኑ ሣጥን አልተለዩም። ጥይት እስኪያልቅባቸው ተኮሱ። ሲያልቅ ጋሻና ጎራዴ ይዘው ከሣጥኑ አጠገብ ቆሙ። ፊት ለፊት የሚቀርባቸው ጠፋ። በመጨረሻ ከኋላ በጦር ወጓቸው። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ስለ ዮሐንስ ሞት ብዙ ተብሏል፤ ይገባቸዋልም። ራስ አርአያን ግን ስንቶቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ? እጅ አታውጡ፣ ለማሳፈር አይደለም። እኔ ግን ስለዚያ ጦርነት ባሰብኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጡብኝ እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ድል የለም። ሽልማት የለም። የሚያያቸው ወገን እንኳ ጥቂት ነው። ቆሙ፣ በቃ።

ለመሆኑ ጦሩ ለምን ተበተነ? ፈሪ ስለነበረ ነው? ኧረ ምን ሲባል! ከጥቂት ሰዓት በፊት አጥር ጥሶ የገባው እሱ ራሱ ነው። ነገሩ ያለው በጦሩ አሠራር ላይ ነው። በዚያ ዘመን ወታደር የሚዋጋው ለሚያውቀው ጌታ ነው። ግብሩን የሚበላው ከጌታው ቤት ነው። መሬት የሚሰጠው፣ ጠመንጃ የሚያስታጥቀው፣ ሲሞት ልጁን የሚያሳድግለት ጌታው ነው። ሜዳ ላይ የሚያየው የጌታውን ፈረስና ድንኳን ነው። ፉከራውም በጌታው የፈረስ ስም ነው። እና ያ ሰው ሲወድቅ ወታደሩ የሚያጣው አዛዥ ብቻ አይደለም። ለምን እዚያ እንደቆመ ራሱ ይጠፋበታል። ምሰሶው አንድ የሆነ ጎጆ፣ ምሰሶው ከተሰበረ ጣሪያው አይቆምም።

መሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው ቆስለው እንኳ ከሜዳ መውጣት እንደ ክህደት የሚታያቸው። ጀግንነታቸው የልብ ብቻ አልነበረም፤ ስሌትም ነበረው። "እኔ ከወጣሁ ይህ ሁሉ ሰው ይወጣል" ብሎ ማሰብ። ይህ ሐሳብ በኋላ ኦጋዴን ላይ ይመለስልናል። አሁን ወደ አድዋ እንሂድ።

አድዋ ሲባል ከምኒልክና ከጣይቱ ቀጥሎ እኔ የማነሳው ፊታውራሪ ገበየሁን ነው። የገበየሁን ስም ወያላ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት በዋናነት ስለሳቸው ለማውራት ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ገበየሁ የምኒልክ ጦር ግንባር ቀደም ናቸው። የሳቸው ሥራ ከሁሉም ፊት መሄድ፣ መጀመሪያ መግጠም ነው። ህዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የጣሊያኑ ሻለቃ ቶዜሊ ከ2,000 ያላነሰ ጦር ይዞ ተራራውን መሽጎ ተቀምጧል። አምባላጌን ያየ ያውቀዋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከታች ቀና ብለው ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ቦታ ነው። የኢትዮጵያን የፊት ጦር የሚመሩት ራስ መኮንን ናቸው። ራስ መኮንን ረጋ ያሉ፣ አሳቢ ሰው ነበሩ። ከቶዜሊ ጋር ገና መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ገበየሁ ግን ትእዛዝ አልጠበቁም። ገቡበት። አንዴ ተኩስ ከተከፈተ በኋላ ሌላው ጦር ዝም ብሎ ሊያይ አይችልም፤ ተከተለ። ምሽጉ ተሰበረ። ቶዜሊም ከአብዛኛው ጦሩ ጋር እዚያው ቀረ።

ድል ነው። ታዲያ ገበየሁ ምን ተሸለሙ? ሲተረክ እንደመጣው፣ ራስ መኮንን አሰሯቸው። ያለ ትእዛዝ ውጊያ ከፍተሃል ተብለው ታሰሩ።

ይህን ለወጣቶች ስነግር ብዙዎቹ ይናደዳሉ። "እንዴ! ያሸነፈ ሰው ይታሰራል?" ይላሉ። እኔ በዚህ ነገር ላይ አቋም አለኝ። ራስ መኮንን ልክ ነበሩ። ያን ቀን ድል ሆነ፤ በሌላ ቀን ያው ድፍረት ሺህ ሰው ያስፈጃል። እያንዳንዱ አለቃ ልቡ ባለው ሰዓት ውጊያ የሚከፍት ከሆነ ጦር የሚባል ነገር የለም። ምኒልክ ደግሞ ገበየሁን ማስፈታታቸው ልክ ነበር። ፊት ለፊቱ ገና መቀሌ አለ፣ ገና አድዋ አለ። እንዲህ ያለ ሰው በሰንሰለት ታስሮ የሚቀመጥበት ጊዜ አልነበረም። የተቆጣ አለቃና ይቅር ያለ ንጉሥ ሁለቱም ለአንድ ጦር ያስፈልጉ ነበር። ገበየሁም አላኮረፉም። እስር ቤት ያስገባኝ ሰው ሥር አልዋጋም አላሉም። ይህ ራሱ ከአምባላጌው ድፍረት አያንስም።

መቀሌን ቶሎ ልለፈው። የጣሊያንን ምሽግ በጉልበት ለመስበር ሲሞከር ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻ እቴጌ ጣይቱ ውሃው ይያዝ አሉ፤ ውሃው ተያዘ፤ ምሽጉ ተለቀቀ። በድፍረት ያልሆነው በብልሃት ሆነ።

የካቲት 23 ሌሊት። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ይዞ በጨለማ ተንቀሳቀሰ። በግራ በኩል የሚሄደው የአልቤርቶኔ ብርጌድ ነው። ካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታና አገሬው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ኮረብታ የተለያዩ ነበሩ። አልቤርቶኔ መንገድ መሪዎቹን ተከትሎ ከወገኖቹ ርቆ ወደፊት ሄደ። ንጋት ላይ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። የመድፍ ጥይት እንደ በረዶ ወረደ። የኢትዮጵያ የፊት ጦር እዚያ ላይ ክፉኛ ተጎዳ፤ ማመንታትም ታየ።

ገበየሁ የወደቁት እዚያ ነው። ወደ መድፎቹ ሲገሰግሱ። ከዘመቻው በፊት የተናገሩት ነው እየተባለ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ኑዛዜ አለ። ስሸሽ ከኋላዬ ተመትቼ ከሞትኩ እዚያው አሞራ ይብላኝ፤ ፊት ለፊት ስዋጋ ከወደቅሁ ግን አገሬ ወስዳችሁ ቅበሩኝ። አጽማቸው ከዓመታት በኋላ ሰሜን ሸዋ አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ገብቷል። ይህም ቁስሉ የት እንደነበረ ይነግረናል።

አሁን ያቺ ሰዓት። ግንባር ቀደሙ ወደቁ። መተማ ላይ የሆነው እዚህም ሊደገም ይችል ነበር። ወታደራቸው እያያቸው ነው የወደቁት። ግን አልተደገመም። በጅሮንድ ባልቻ መድፉን ይዘው ቀጠሉ። ሕዝቡም ይህን ወዲያው አየው፤ ገበየሁ ቢሞቱ ባልቻ ተተኩ ብሎ በግጥም ያዘው፤ እስከ ዛሬም ይለዋል። ከኋላ ደግሞ ተጠባባቂው ጦር ነበረ። የእቴጌይቱ ጦር ነበረ። ውሃ እያመላለሱ፣ የሚያፈገፍገውን እየገሰጹ የሚመልሱ ሴቶች ነበሩ። በቀኝና በግራ ራስ መኮንን፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላ፣ ራስ ሚካኤል፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። አንዱ ምሰሶ ሲወድቅ ጣሪያውን የያዙት ሌሎቹ ናቸው። ረፋድ ላይ የአልቤርቶኔ ብርጌድ ተሰበረ፤ ራሱም ተማረከ። ሁለቱ ጄኔራሎች፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ፣ ተገደሉ። መቀሌ ላይ ተለቆ የሄደው የምሽጉ አዛዥ ጋሊያኖም አድዋ ላይ ቀረ።

ከኛ ወገን የሞተው ከ4,000 እስከ 7,000 ይገመታል። ከነሱ አንዱ ፊታውራሪ ዳምጠው ናቸው። በ1887 ዓ.ም. ወደ ሩሲያ የሄደውን መልእክት የመሩ ሰው ነበሩ። አድዋ ላይ ሲወድቁ ቤታቸው ትንሽ ልጅ ነበራቸው። ደስታ ይባላል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

አድዋን ያሸነፍነው በጀግንነት ነው ስንል ልክ ነን። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ጀግናው የወደቀበት ቦታ ባዶ አልቀረም።

ስለ ባልቻ ጥቂት ልበል። በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ቆስለው ተገኝተው ምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። የፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ። አድዋ ላይ የገበየሁን ቦታ የሞሉት እኒህ ሰው፣ በኋላ ደጃዝማች ሆነው ሲዳሞን ገዙ። በ1920 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ መጡ። ነፋስ ስልክ ሰፈሩ። እሳቸው ቤተ መንግሥት ግብር ተጠርተው ሲበሉ ሲጠጡ፣ ወዲያ ሰፈሩ ላይ ወታደራቸው እየተከፈለውና እየተሸኘ ተበተነ። ሲመለሱ ጦር የለም። አንዲት ጥይት አልተተኮሰም። ተመልከቱ፣ አንድ ሰው ላይ ብቻ የቆመ ጦር ሰውየው ለአንድ ግብር ሰዓት ዞር ሲሉ እንኳ አይቆምም። ባልቻ ታሰሩ፤ በኋላም ገዳም ገቡ። ጣሊያን ሲመጣ ግን ሽማግሌው ከገዳም ወጡ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲዋጉ ሞቱ። ከአድዋ 40 ዓመት በኋላ፣ ከዚያው ጠላት ጋር። ሆስፒታሉ ጋ ታክሲ ስትጠብቁ ይህን አስቡልኝ።

አሁን ወደ ኦጋዴን። ጥቅምት 1928 ዓ.ም.። ጎራሃይ የምትባል የውሃ ጉድጓድ ያላት ቦታ አለች። ጸሐይ፣ አሸዋ፣ እሾህ። እዚያ ያለውን ጦር የሚመሩት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ናቸው። ከደቡብ የሚመጣው የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ነው። አውሮፕላኖቹ በየጊዜው እየመጡ ቦምብ ይጥላሉ። ጎራሃይ ላይ ያለው ጸረ አውሮፕላን መድፍ አንድ ብቻ ነው። አንድ! መድፉን የሚተኩሱት ደግሞ አዛዡ ራሳቸው ናቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን በቦምብ ፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰሉ። ሕክምና ያለው ደጋሃቡር ነው። እንውሰድዎ አሏቸው። እምቢ አሉ። ከዚህ ብሄድ ሰዉ ሁሉ ይሄዳል አሉ። ያልኳችሁ ስሌት ይህ ነው። ጦራቸውን ያውቁታል። የሚያቆመው የሳቸው እዚያ መኖር መሆኑን ያውቃሉ። በዚያ ሙቀት ቁስሉ መረቀዘ። ራሳቸውን እስኪስቱ ድረስ ከቦታቸው አልተነሱም። እዚያው አረፉ።

ከዚያስ? የፈሩት ሆነ። መሞታቸው ሲሰማ ጦሩ ጎራሃይን ለቀቀ። ጣሊያን ያለ ውጊያ ገባ። ፊታውራሪ ጓንጉል የሚመሩት ጦር ከጥቂት ቀን በኋላ ሐማንሌይ ላይ አሳዳጁን አድፍጦ መታው፤ ታንክም አስቆመ። ጎራሃይ ግን አልተመለሰችም። ለአፈወርቅ ከሞቱ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው "ታዲያ መስዋዕትነታቸው ከንቱ ነው?" ይለኛል። በጭራሽ። እያንዳንዱ የቆሙበት ቀን ለሌላው ግንባር ቀን ነበረ። ጥፋት ካለ የሳቸው አይደለም። ጥፋቱ አንድ ሰው ላይ ያን ሁሉ የጫነው አሠራር ነው። አንድ አዛዥ፣ አንድ መድፍ፣ ምክትሉ ማን እንደሆነ ወታደሩ በቅጡ የማያውቅበት ምሽግ። ጀግና አለን ብለን ሁሉን ነገር ጀግናው ላይ ስንጥል፣ እሱን መግደል ለጠላት በቂ እንዲሆን እናደርጋለን። ይህን ስል ያመኛል፣ ግን ካላልኩት አፈወርቅን በሽለላ ብቻ አልፌያቸዋለሁ ማለት ነው።

አሁን ወደዚህ ሰፈር ልመልሳችሁ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ከተማዋ ዝም ብላ የተቀመጠች ይመስለዋል። ሦስት ወር አልሞላም። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ተነሱ። ከሰላሌ የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር መጣ። በምሥራቅ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አሉ። ባልቻም በዕቅዱ ውስጥ ነበሩ። ባላምባራስ አበበ አረጋይም እንዲሁ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ገብተው ሊገናኙ ነበር ሐሳቡ።

ሐምሌ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የዛሬው አስፋልትና ድልድይ የለም። ወንዙ ሁሉ ሞልቷል። በጭቃና በጉም ውስጥ፣ አንዱ ሌላው የት እንደደረሰ የሚያውቅበት ሬዲዮ ሳይኖር፣ እግረኛ መልእክተኛ ብቻ ይዘው ነው የተነሱት። አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ዘገየ። የአበራ ጦር እስከ መሃል ከተማው ዘልቆ ነበር። እኛ አሁን የተቀመጥንበት አካባቢ ተኩስ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ግን ያለ ረዳት መቆየት አልተቻለም። ተመለሱ። አብረዋቸው የመጡት አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ፤ በማግስቱ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው እዚህ ቅርባችን ነው፤ ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ መመለሱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

አበራ ካሣ ወደ ሰላሌ ተመለሱ። ታህሳስ 1929 ዓ.ም. ላይ ጣሊያን እጃችሁን ስጡ፣ ምንም አትሆኑም አላቸው። ከወንድማቸው ከአስፋወሰን ጋር እጃቸውን ሰጡ። ፍቼ ላይ ሁለቱም ተገደሉ። ታላቅ ወንድማቸው ወንድወሰንም በዚያው ወር ተገድለዋል። ከአንድ ቤት ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ወር።

መሪው ወደቁ። ያችን ሰዓት እንፈልጋት።

የአበራ ሚስት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ይባላሉ። የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ናቸው። ራስ ሥዩም የራስ መንገሻ ልጅ፣ ራስ መንገሻ ደግሞ መተማ ላይ ንጉሡ ልጄ ነው ብለው የተናዘዙላቸው። እና ከበደች የዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። ባላቸው ሲገደሉ ነፍሰ ጡር ነበሩ። እጄን እሰጣለሁ አላሉም። የባላቸውን ሰዎች ሰብስበው በረሃ ገቡ። እያፈገፈጉ፣ እየተዋጉ ወለዱ። ሰዎች ስለሳቸው ሲያወሩ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ያወራሉ፤ እኔ ግን ቀን በቀን ያለውን ሥራ ነው የማስበው። ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው? ጥይት ከየት መጣ? የቆሰለው የት ተደበቀ? ሌሊት ላይ ወዴት እንሂድ የሚለውን ማን ወሰነ? አራስ ሴት ወሰነች። ለዓመታት እንዲህ ቆየች። አንቱ ማለቱን ትቼ አንቺ ያልኩት ፍቅር አሸንፎኝ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። መተማ ላይ የተበተነው ጦር ያላገኘውን ነገር የባለቤታቸው ጦር ሰላሌ ላይ አገኘ። መሪ ሲወድቅ ወዲያው የሚነሳ ሰው።

የፊታውራሪ ዳምጠው ልጅስ? ያ ትንሽ ልጅ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆነ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልጅ አገባ፣ የሲዳሞን ጦር መራ። ንጉሡ ከአገር ከወጡ በኋላም ለወራት በደቡብ ተዋጉ። የካቲት 1929 ዓ.ም.፣ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። አባት አድዋ፣ ልጅ ቡታጅራ። ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ያለው ስም የዚህ ሰው ነው።

የመጨረሻው ሰው አበበ አረጋይ ናቸው። ስለ መስዋዕትነት ስናወራ በሕይወት የተረፉትን እንረሳለን። ጣሊያን ሲገባ የአዲስ አበባ ፖሊስ አለቃ ነበሩ። የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ጠመንጃ የያዘ ጥቂት ሰው አስከትለው ከከተማ ወጡ። ፍቅረ ማርያም ሞቱ፣ አበራ ሞቱ፣ ባልቻ ሞቱ፣ ደስታ ሞቱ። የነዚያ ሰዎች ወታደር ግማሹ የሚሄድበት አልነበረውም። ብዙው ወደ አበበ መጣ። ሸዋ ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሳደዱ፣ ሲከበቡ፣ ሲያመልጡ ኖሩ። ጣሊያን ለማስታረቅ ሽማግሌ ላከ፣ ማዕረግ ሊሰጥ ቃል ገባ። አልሆነም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ሲመለሱ አበበ አረጋይ ከነጦራቸው እዚያ ነበሩ። በኋላ ራስ ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ። በታህሳስ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ እዚህ ስድስት ኪሎ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። የጣሊያን ጥይት አምስት ዓመት የሳታቸውን ሰው የወገን ጥይት አገኛቸው። ይህን በሁለት ቃል ማለፌ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። እስካሁን የጠራሁት ስም ሁሉ የባለማዕረግ ስም ነው። ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ። ገበየሁ ሲወድቁ መድፉን ከባልቻ ጋር የገፉት እነማን ናቸው? ከራስ አርአያ ጋር ሣጥኑ አጠገብ የሞቱትስ? ከሰላሌ በረሃ ለወይዘሮ ከበደች ስንቅ ይዘው ሌሊት የወጡት ሴቶች ስማቸው ማነው? አብዛኛው አልተጻፈም። እናንተ ቤት ግን አለ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ የአባት አጎት፣ "የእገሌ ጦር ነበር" የተባለ ሰው የሌለበት ቤት በዚህ አዳራሽ ብዙ አይመስለኝም። ዛሬ ማታ ለእናታችሁ ደውሉ። ስሙ ማን ነበር በሉ። የማን ወታደር ነበር በሉ። ከዚያ ደግሞ ዋናውን ጠይቁ፤ ጌታው ከሞተ በኋላ የት ሄደ? ቤቱ ተመለሰ? ሌላ ሰው ጋ ገባ? ምን ይዞ መጣ? መልሱን በስልካችሁ ቅዱት፣ ወይም ጻፉት። ፎቶ ካለ ከጀርባው ስሙን ጻፉበት፤ አልፎ ሂያጅ ሰው ፎቶውን ሲያገኘው ማን እንደሆነ ይወቅ። አሁን እዚህ ያላችሁ አባቶችና እናቶች ደግሞ፣ የምታውቁትን ለመናገር ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ከዚህ ወርጄ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ደብተር ይዣለሁ።